አንዲት እናት፣ ሁለት ዓይነት ጫጩት፦ በአዘዞ አንድ ግቢ ጭላት የመረጠው

በአዘዞ፣ በአክስቴ ግቢ፣ አንዲት ዶሮ ሁለት ዓይነት ጫጩት በአንድ ክንፍ ሥር አሳደገች። ከፊሎቹ የራሷ እንቁላል ውጤት የሆኑ፣ ጀርባቸው ላይ ቡናማ መስመር የተሰመረባቸው የአበሻ ጫጩቶች ናቸው። የቀሩት ከጎረቤት በመጣ እንቁላል የተፈለፈሉ፣ ሲወለዱ ቢጫ፣ ላባ ሲያወጡ ነጭ የሚሆኑ የፈረንጅ ጫጩቶች ናቸው። እናታቸው አንድ፣ ጥሬያቸው አንድ፣ የሚውሉበት ግቢም አንድ ነው። ጭላት ግን እኩል አላያቸውም። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ከ5ቱ የፈረንጅ ጫጩቶች 4ቱን ሲወስድ ከ6ቱ የአበሻ ጫጩቶች የወሰደው አንዷን ብቻ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር በመመሳሰል ከአዳኝ እንዴት እንደሚያመልጡ ስናስተምር ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠራው እስስትን ነው። እስስት ግን ቀለሟን የምትለውጠው በአብዛኛው ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመግባባትና የሰውነቷን ሙቀት ለመቆጣጠር ስለሆነ ለዚህ ትምህርት የተሻለች ምሳሌ አይደለችም። በአክስቴ ግቢ የሆነው ግን ካሞፍላጅ (ይህ ከአካባቢ ጋር ተመሳስሎ መሰወር) የሚሠራበትንም የማይሠራበትንም ሁኔታ በአንድ ቦታ ያሳያል። በዝርዝር የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ዶሮ ለሚያረባ ሰው ደግሞ ከትምህርትነቱ በላይ የኪስ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ጫጩቶቹ እንዴት አንድ ላይ እንደመጡ። አክስቴ የሚያረቡት የአበሻ ዶሮ ብቻ ነበር። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ዋይት ሌግሆርን የሚባለው ነጭ የፈረንጅ ዝርያ ደግሞ በደንብ ከተያዘ ከ250 በላይ ይጥላል። ይህን የሰሙት አክስቴ ነጭ ዶሮና አውራ ካላቸው ጎረቤት 6 እንቁላል ወሰዱ። ሌግሆርን እንቁላል ትጥላለች እንጂ ብዙ ጊዜ አትታቀፍም፤ ለመታቀፍና ጫጩት ለመምራት የአበሻ ዶሮን የሚያህል የለም። እናም 6ቱን የጎረቤት እንቁላል ከ6 የራሳቸው ጋር ቀላቅለው ቆቅማ ዶሯቸውን አስታቀፏት። ከ12ቱ አንዱ የፈረንጅ እንቁላል ጠነባ፤ የቀሩት 11 ተፈለፈሉ።

ግቢው ሰፊ ነው። በአንድ በኩል የጤፍ ጭድ ክምር፣ አጠገቡ የተደረደረ ኩበት፣ በስተጀርባ አሮጌ የጌሾ ተክል፣ በአጥሩ ላይ ሰንሰል አለ። ከአጥሩ ማዶ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ይታያሉ፤ ጭላቶቹ የሚያርፉት እነሱ ላይ ነው። ወቅቱም ለጭላት የተመቸ ነበር። ኅዳር ላይ ሣሩ ይደርቃል፣ ይታጨዳል፣ መሬቱ ይራቆታል። ዓመቱን ሙሉ እኛው ጋር በሚኖሩት ቢጫ ማንቁር ያላቸው ጭላቶች ላይ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዘመዶቻቸው የሚጨመሩት በእነዚሁ ወራት ነው።

ሁለተኛዋ ቢጫ ጫጩት ስትወሰድ አክስቴ ነገሩን አስተውለውታል። «ነጭ ነጩን እየመረጠ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ፤ «የእኔዎቹን እንዴት ቢያያቸው ነው የሚተዋቸው?» ጎረቤታቸው ደግሞ የራሱ መልስ ነበረው፦ «እትዬ፣ የፈረንጅ ዶሮ'ኮ ሞኝ ነው። ጭላት ሲመጣ አያውቅም።» ሌላ ሰው ደግሞ ነጮቹ ከእናታቸው ርቀው ስለሚሄዱ ነው አለ። ሦስት መልሶች መሆናቸው ነው፦ ቀለም፣ ሞኝነት፣ መራቅ። አራተኛ ልጨምር፦ አጋጣሚ። ከ11 ጫጩቶች 5ቱ በዕጣ ቢወሰዱ ከ5ቱ የፈረንጅ ጫጩቶች 4 ወይም ከዚያ በላይ የመውጣት ዕድላቸው ከመቶ 7 ገደማ ነው። ትንሽ ዕድል ነው፤ ግን የሌለ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ይዤ «ቀለሙ ነው» ለማለት አልደፈርኩም። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ማየት ነበረብኝ።

ያየሁት ይህን ነው። ረፋድ ላይ ነው፤ እናቲቱ ጭዱ ዳር ትጭራለች፣ ጫጩቶቹ ዙሪያዋን ይለቅማሉ። በድንገት አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ አየችና ቀጭን፣ ረዘም ያለ ድምፅ አሰማች። ድመት ወይም ውሻ ስታይ የምታሰማው የተቆራረጠ ጩኸት አይደለም። ይህኛው የሰማይ አዳኝ ስታይ ብቻ የምታሰማው ነው፤ ከየት እንደመጣ ለመለየትም ያስቸግራል። ጫጩቶቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ።

አንዷ ቡናማ ከኩበቱ አጠገብ ጭዱ ላይ ተለጥፋለች። ከእኔ ሦስት እርምጃ ብትርቅ ነው። ዓይኔን ወደ ሰማይ አንስቼ ስመልሰው አጣኋት። የት እንዳለች አውቃለሁ፤ ግን አላያትም። ቆይቶ ዓይኗን አገኘሁ፣ ከዚያ ምንቃሯን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሙሉዋን። የጀርባዋ መሐል ጥቁር ቡናማ መስመር በጭድና በጭድ መካከል ያለውን ጥላ ሆኗል። ግራና ቀኝ ያሉት ፈዛዛ መስመሮች ጭዶቹን ራሳቸውን መስለዋል። ከዓይኗ ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቁር ጭረት ክቡን ዓይን ስለሚያቋርጠው ዓይን መሆኑ አይለይም። የጫጩት ቅርጽ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተበታተነ ጭድና ጥላ ብቻ ነበር።

ከቢጫዎቹ አንዷ ከእናቷ ሁለት ክንድ እንኳ አትርቅም ነበር፤ ቡናማዋ ከነበረችበትም ለእናቲቱ ትቀርባለች። ድምፁን ሰምታ እሷም ደርቃለች። አንገቷን ቀብራ፣ ክንፏን አጣብቃ፣ ምንም ሳትነቃነቅ። ማድረግ ያለባትን ሁሉ አድርጋለች። ክንፏ ላይ መብቀል የጀመረው ነጭ ላባ ግን ከግቢው መሬት ሁሉ የደመቀ ነገር ነበር። ጭላቱ መሬት አላረፈም፤ ዝቅ ብሎ እያለፈ በእግሩ አንሥቷት ሄደ። አራተኛዋ እሷ ነበረች።

ይህን ካየሁ በኋላ «ሞኝ ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። የፈረንጇ ጫጩት የእናቷን ጥሪ ሰምታለች፣ ተረድታለች፣ ታዛለች። የሞተችውም በመታዘዟ ነው ማለት ይቻላል። ደርቆ መቅረት የሚያድነው ከመሬቱ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያለውን ነው፤ ቀለሙ ለማይመሳሰል ግን ደርቆ መቅረት ለአዳኙ ቁሞ መጠበቅ ነው። ሌላ ቀን ጌሾው ሥር ሮጣ የገባች ቢጫ ጫጩት ተርፋለች። በመጨረሻ የቀረችውም እሷ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪዬ ያነሣው ጥያቄ አለ፤ ጎበዝ ጥያቄ ነው። ጭድ ራሱ ቢጫ አይደል? ቢጫ ጫጩት ቢጫ ጭድ ላይ ለምን አልተሰወረችም? መልሱ የካሞፍላጅ ዋናው ነገር ነው። ጭድ አንድ ወጥ ቢጫ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ሰበዝ፣ በየመካከሉም ጥላ ነው። ወጥ ቀለም ያለው ክብ ነገር ሲያርፍበት ቀለሙ ቢቀራረብ እንኳ ጠርዙ ይታያል። አዳኝ የሚፈልገው ቀለምን ብቻ ሳይሆን ቅርጽንም ነው፦ የጀርባ ክብነት፣ የራስ ዙሪያ፣ የዓይን ነጥብ። የአበሻዋ ጫጩት መስመሮች የሚያጠፉት ይህንኑ ጠርዝ ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ሥራ የእሳት እራት ቅርጽ ያለው ወረቀት ላይ ትል አድርገው በባሉጥ ዛፎች ግንድ ላይ ሰኩ። ወረቀቶቹ የግንዱን ቀለም የያዙ ሲሆኑ በአንዳንዶቹ ላይ ጥቁር ምልክቱ ጠርዙን አቋርጦ እንዲሄድ፣ በሌሎቹ ላይ ወደ መሐል ገብቶ እንዲቀር ተደረገ። ከወፎች የበለጠ የተረፉት ጠርዛቸው በምልክት የተቆራረጠው ናቸው። ቀለሙ ያው ሆኖ የምልክቱ ቦታ ብቻ ለውጥ አመጣ።

የአክስቴን ጉዳይ በጣም የሚመስለው ግን ከዛምቢያ የመጣ ነው። እዚያ በ2016 የታተመ ጥናት መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ የወፍ ዓይነቶችን በካሜራ ተከታተለ። አንደኞቹ ማታ እየበረሩ ቀን መሬት ላይ ደርቀው የሚታቀፉ፣ አዳኝ በጣም እስኪቀርብ የማይነሡ ወፎች ናቸው። ሌሎቹ ረጅም እግር ያላቸው፣ አዳኝን ከሩቅ ሲያዩ እንቁላላቸውን ትተው የሚሸሹ ናቸው። ደርቀው በሚቀሩት ጎጆውን ያዳነው የእናቲቱ ላባ ከመሬቱ ጋር መመሳሰሉ ነበር። በሚሸሹት ያዳነው ደግሞ የእንቁላሉ መመሳሰል ነው፤ እናቲቱማ የለችም። ቀለምና ጠባይ ተጣምረው የሚሄዱ ናቸው። የአዘዞዋ ቢጫ ጫጩት የወረሰችው ጠባይ ቡናማ ለነበሩ አያቶቿ የተበጀውን ነው፤ ቀለሟን ግን የሰው ልጅ ለውጦባታል።

ሰው እንዴት ለወጠው? የዶሮ ሁሉ ምንጭ የእስያ የጫካ ዶሮ ነው፤ ጫጩቱም ጀርባው ላይ መስመር አለው፣ ልክ እንደ አክስቴዎቹ። ዋይት ሌግሆርን ግን ጥቁሩ ቀለም ላባ ውስጥ እንዳይሠራ የሚከለክል አንድ ጠንካራ የዘር ባሕርይ ይዟል። ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ እንኳ ኃይሉን ያሳያል። ጥቁሩ ሲጠፋ መስመሩም አብሮ ይጠፋል፣ ጫጩቷም ወጥ ቢጫ ሆና ትወጣለች። በተዘጋ ቤት ውስጥ ለሚረባ ዶሮ ይህ ምንም አያጎድልበትም፤ ጣሪያው አለለት። ጉዳቱ የሚመጣው ያችኑ ዶሮ ጣሪያ በሌለው ግቢ ስንለቃት ነው።

በአበሻ ዶሮ ላይ ሁለት መራጮች አሉ። አንዱ ጭላት ነው፤ ደመቅ ያለውን እያነሣ ቡናማውን፣ ገብስማውንና ቆቅማውን ይተዋል። ሌላው ገበያ ነው። ለበዓል ቀይ አውራ ይፈለጋል፣ ነጭም ይወደዳል፣ ጥቁሩን ብዙ ሰው ለበዓል አይገዛውም። የጭላትና የገበያ ምርጫ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲጋጩ የሚጎዳው አርቢው ነው። ይህን ማንም ለአክስቴ አልነገራቸውም ነበር፤ የዝርያ ምክር የሚሰጥ ሰው ስለ እንቁላል ብዛት ሲያወራ ስለ ቀለም አንድም ቃል አለመናገሩ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል።

ቀለም ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ በቆጡ ሥር በነበረ ቀዳዳ ገብቶ ሁለት ጫጩት ገደለ። ሁለቱም ቡናማ ነበሩ፤ ነጯ አጠገባቸው ሆና ተርፋለች። ሸለምጥማጥ በጨለማ የሚያድን ነው፤ ሽታና ድምፅ ይመሩታል። ዓይኑም እንደ አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቀለምን በሁለት ዓይነት ተቀባይ ብቻ ነው የሚለየው፤ ወፎች አራት አላቸው፣ እኛ ሦስት። ለጭላት የተሠራው ቡናማ መስመር ለሸለምጥማጥ አፍንጫ ምንም ማለት አይደለም። አክስቴ ያን ሌሊት በጣም ነበር ያዘኑት። «ከሰማዩ ያተረፍናቸውን መሬቱ ወሰዳቸው» አሉ።

የመመሳሰል ነገር ሁልጊዜ «ከምን ጋር?» ያስብላል። መሬቱ ሲለወጥ የተሰወረው ይገለጣል። በዚህ የታወቀው የእንግሊዟ የእሳት እራት ታሪክ ነው። የፋብሪካ ጢስ የዛፎቹን ግንድ ባጠቆረበት ዘመን ጥቁሮቹ በዙ፤ አየሩ ሲጸዳ ነጣ ያሉት ተመለሱ። ወፎች ናቸው የመረጡት የሚለው በ1950ዎቹ የተሠራ ሙከራ ብዙ ትችት ገጥሞት ነበር። ማይክል ማጄረስ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪ ከ2001 እስከ 2007 ጉዳዩን እንደገና ፈተሹት፤ 4,864 የእሳት እራቶች ለቀው ተከታተሉ። በጸዳው አየር ውስጥ ጥቁሮቹ በወፎች የበለጠ ተበልተው ተገኙ። ውጤቱ በ2012 ለኅትመት የበቃው እሳቸው ካረፉ በኋላ በባልደረቦቻቸው ነው።

እናስ፣ አዘዞ በሐምሌ ሲለመልም ቡናማዋ ጫጩት ትጋለጣለች? አክስቴም ጠይቀውኛል። በተግባር ያን ያህል አትጋለጥም፤ በክረምት ሣሩ ከጫጩት ቁመት በላይ ስለሚሆን ከላይ የሚያይ ጭላት ሣሩን እንጂ ሥሩን አያይም። መሬቱም ጭቃ ነው፣ ጭቃም ቡናማ ነው። ክረምት የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው፦ ብርዱና ፈንግሉ። እሱ የክትባት ነገር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግቢው ውስጥ የተለወጠው ጥቂት ነው፤ ግን ሠርቷል። በመጋቢት እንደገና ሁለቱንም ዓይነት እንቁላል ሲያስታቅፉ አክስቴ የጥሬ መስጫውን ከጭዱ ዳር አንሥተው ጌሾው ሥር አደረጉት። እናቲቱን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእግሯ በረጅም ገመድ ከጌሾው ግንድ ጋር አሰሯት፤ እሷ ካልራቀች ጫጩቶቹም አይርቁም። በጌሾውና በቆጡ መካከል ባለው ገላጣ መሬት ላይ የግራር ቅርንጫፍ ጣል ጣል አደረግን፤ ጫጩት ከሥሩ ትገባለች፣ ጭላት ግን ክንፉን ዘርግቶ አይገባበትም። የቆጡ ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ ተደፈነ፤ ማታ ማታም እናቲቱና ጫጩቶቿ እንቅብ ተደፍቶባቸው ያድራሉ።

የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊትም ከዚህ በኋላ ደጅ አይጣልም፣ ይቀበራል። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ኒኮ ቲንበርገን የተባሉት የኔዘርላንድ ተወላጅ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1962 ካሳተሙት ሥራ ነው። አንድ የባሕር ወፍ ጫጩቷ እንደተፈለፈለ ቅርፊቱን ከጎጆዋ አርቃ የምትጥለው ለምን እንደሆነ ሲመረምሩ፣ የቅርፊቱ ነጭ ውስጠኛ ክፍል ቁራን እየጠራ አጠገቡ ያለውን እንቁላል እንደሚያስበላ አሳዩ። አክስቴ ሲሰሙ ወዲያው ነው የተቀበሉት፤ ቁራ ቅርፊት ያየበትን ቦታ ደጋግሞ እንደሚጎበኝ ራሳቸው ያውቁታል።

ከመጋቢቱ መንጋ ጭላት የወሰደው አንዲት ነጭ ብቻ ነው፤ እሷንም ገመዱ ከተፈታ በኋላ ገላጣው ላይ ያገኛት ናት። ከቡናማዎቹ አልነካም። ቀለማቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ነጮቹ ለመሮጥ የሚቀራቸው ርቀት ነው። አሁን አክስቴ የቡናማዎቹ ብቻ የሆነ መንጋ ካላቸው እናቲቱን ቶሎ ይፈቷታል። ነጭ ከተቀላቀለበት ግን ጫጩቶቹ ጭላት በእግሩ ሊያነሣቸው የማይችል ክብደት እስኪደርሱ ድረስ ገመዱ አይፈታም፤ የነጮቹን እንቁላል የሚሰጧቸው ጎረቤትም በግቢያቸው ጌሾ ባይኖርም ሰንሰሉን ወደ ውስጥ አስገብተው እየተከሉ ናቸው።